የየቲም ከፋላ፦ ከሠፈር ጀማዓ እስከ ዓለም አቀፍ ድርጅት

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው፤ ሰላትና ሰላም በነብያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ማኅበራችንን የሚደግፉ ወንድሞችና እህቶች ደጋግመው የሚያነሡልን ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው «በየወሩ የምናዋጣው ገንዘብ በእነማን እጅ አልፎ ነው የቲሙ ዘንድ የሚደርሰው?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ትልልቅ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች እያሉ የእኛ የሠፈር መዋጮና የጥቂት ወጣቶች በጎ ፈቃድ ምን ይፈይዳል?» የሚል ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ገንዘቡን አምኖ የሚሰጥ ሰው የአማናውን መንገድ የማወቅ መብት አለው። በዚህ ጽሑፍ ሥራው ከሥር እስከ ላይ እንዴት እንደሚያያዝ ለማብራራት እንሞክራለን። መልሳችንን አስቀድመን በአጭሩ እናስቀምጥ፦ ዓለም አቀፉ ድርጅት ከሩቅ አገር ገንዘብ ማምጣት ይችላል፤ የልጁን ደጃፍ የሚያውቀው ግን ጎረቤቱ ነው። የሁለቱም ጥረት ፍሬ የሚያፈራው ደግሞ ለጋሹ የገባው ቃል ሳይቋረጥ ሲቀጥል ብቻ ነው።

የቲም ማን ነው?

በሸሪዓ ትርጉም የቲም የሚባለው ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ሳይደርስ አባቱን በሞት ያጣ ልጅ ነው። የእናቱ በሕይወት መኖር የቲምነቱን አያስቀረውም፤ ቀለቡንና ልብሱን የማሟላት ግዴታ የተጣለው በአባት ላይ ነውና። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ በበኩሉ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ሆኖ ከወላጆቹ አንዱን ወይም ሁለቱንም ያጣውን ልጅ በዚሁ ስም ይቆጥረዋል። ስለዚህ እናቱን ብቻ ያጣ ልጅ በአንደኛው መዝገብ ሲገባ በሌላው ላይገባ ይችላል። የድጋፍ ቅጽ የሚሞሉ በጎ ፈቃደኞች ይህን ልዩነት ማወቅ ይኖርባቸዋል።

በአማርኛ የለመድነው «ወላጅ አልባ» የሚለው አጠራርም አንዳንድ ጊዜ ያሳስታል። ሰሚው እናትም አባትም የሌለው፣ በመጠለያ የሚያድግ ልጅ አድርጎ ያስበዋል። በሸሪዓው ትርጉም የቲም ከሆኑት ልጆች ብዙዎቹ ግን ከእናታቸው፣ ከአያታቸው ወይም ከአጎታቸው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ናቸው። የጎደለባቸው ገቢ እንጂ ቤተሰብ አይደለም። ይህን ከተረዳን የድጋፉም ዓላማ ግልጽ ይሆንልናል፤ ልጁን ከቤቱ ማውጣት ሳይሆን ቤቱ እንዳይፈርስ መደገፍ ነው።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው የቲም ሆነው ማደጋቸውን ሁላችንም እናውቃለን። አባታቸው ዐብደላህ የሞቱት እርሳቸው ሳይወለዱ ነበር። በ6 ዓመታቸው እናታቸውን አሚናን፣ በ8 ዓመታቸው አያታቸውን ዐብዱልሙጦሊብን አጡ፤ ከዚያም አጎታቸው አቡ ጧሊብ አሳደጓቸው። አንዱ አሳዳጊ ሲያልፍ ሌላው የቤተሰቡ አባል ወዲያው ተክቶታል። እኛም ዛሬ የምንሠራው ሥራ ሁሉ የዚህን ቅብብሎሽ ሰንሰለት ከመበጠስ ለመጠበቅ ነው።

ከፋላና ጉዲፈቻ

ከፋላ ማለት የአንድን ልጅ ቀለብ፣ ልብስ፣ ትምህርትና አስተዳደግ በኃላፊነት መያዝ ነው። በዓረብ አገራት ለሥራ የሄዱ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን «ከፊል» በማለት የሚያውቁት የአሠሪ ዋስትና ከዚሁ ሥርወ ቃል የወጣ ቢሆንም፣ እኛ የምንናገርለት ጉዳይ ከእርሱ ፈጽሞ የተለየ ነው። የየቲም ካፊል የሚሆን ሰው ልጁን የራሱ ልጅ ብሎ አይሰይመውም፤ የአባቱን ስም አይለውጥበትም፤ የዘር ሐረጉንና ከአባቱ የሚደርሰውን ውርስ አያስቀርበትም። በሱረቱል አሕዛብ ልጆች በወለዷቸው አባቶች ስም እንዲጠሩ የተሰጠው ትእዛዝ የዚህ መሠረት ነው። ከፋላ ከጉዲፈቻ የሚለየውም በዚሁ ነው።

ይህ ሥርዓት በዓለም አቀፍ ሕግም እውቅና አግኝቷል። በ1989 (እ.ኤ.አ) የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ20ኛው አንቀጹ ቤተሰቡን ላጣ ልጅ ከሚመቻቹ አማራጮች መካከል የእስልምናውን ከፋላ በስሙ ጠቅሶታል። አገራችን ይህን ስምምነት በ1991 (እ.ኤ.አ) ተቀብላለች። በጥር 2010 ዓ.ም ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከልክሏል። ልጁን በአገሩ፣ በወገኖቹ መካከል ማሳደግ የሸሪዓውም የሕጉም አቅጣጫ ሆኗል ማለት ነው።

ከለቅሶው ቀናት በኋላ

ጃዕፈር ቢን አቢ ጧሊብ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሙስሊሞች መካከል በነጃሺ ፊት ቆመው የተናገሩ ሶሓባ ናቸው። ልጃቸው ዐብደላህ የተወለደውም በዚሁ በሐበሻ ምድር ነው። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ጃዕፈር በሙእታ ዘመቻ ሲሰዉ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ቤታቸው ሄደው ልጆቹን አቀፉ፤ ሐዘን ለገባበት ለዚያ ቤተሰብም ምግብ እንዲሠራ አዘዙ። በዚህም አላበቁም፤ የልጆቹን ኃላፊነት በራሳቸው ላይ ወሰዱ።

ይህ ታሪክ ሁለት ሥራዎችን ያሳየናል። የመጀመሪያውን ሕዝባችን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት ምግብ ይዞ ይመጣል፤ ዘመድ ከሩቅ ይሰበሰባል። ሁለተኛው ሥራ የሚጀምረው ግን ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ነው። የቤት ኪራይ በወሩ ይጠየቃል። ትምህርት ቤት ሲከፈት ደብተርና የደንብ ልብስ ያስፈልጋል። ዘይቱ ያልቃል፤ ለወፍጮ የሚከፈል ሳንቲም ይጠፋል። በዚያን ጊዜ ለቀስተኛው ሁሉ ወደየሥራው ተመልሷል። ታላቁ ልጅ ትምህርቱን ትቶ ሥራ ልፈልግ የሚለው፣ እናትም ልጆቿን ለዘመድ በትና ወደ ሩቅ አገር ለመሰደድ የምታስበው በዚሁ ጊዜ ነው። የየቲም ከፋላ ይህንን ክፍተት ለመሙላት የቆመ ነው።

ዓለም አቀፍ ድርጅቶች እንዴት ተነሡ?

ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠሩ እስላማዊ የረድኤት ድርጅቶች መነሻቸው ከእኛ መዋጮ ብዙም የተለየ አልነበረም። እስላሚክ ሪሊፍ በ1984 (እ.ኤ.አ) በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ግብፃዊው ሐኪም ዶክተር ሃኒ አል-በና ከተማሪዎች ጋር ሆነው ያቋቋሙት ነው። ያነሣሣቸውም በአፍሪካ ቀንድ፣ በአገራችንና በሱዳን፣ የደረሰው ረሀብ ነበር፤ እኛ የ77ቱ ድርቅ እያልን የምናስታውሰው ማለት ነው። የመጀመሪያው መዋጮ ከአንድ ሕፃን የተገኘ 20 ፔንስ እንደነበረ ድርጅቱ ይተርካል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የቲሞችን የሚደግፍ ሲሆን፣ በኢትዮጵያም ይሠራል። ኩዌታዊው ሐኪም ዶክተር ዐብዱረሕማን አስ-ሱመይጥም በ1981 (እ.ኤ.አ) የአፍሪካ ሙስሊሞች ኤጀንሲን አቋቁመው በ2013 (እ.ኤ.አ) እስካለፉበት ጊዜ ድረስ ዕድሜያቸውን በአፍሪካ ለሚገኙ ችግረኞችና የቲሞች ሰጥተዋል። ድርጅቱ ዛሬ ዳይሬክት ኤድ በሚል ስም ይታወቃል።

በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም በጊኒ ዋና ከተማ በኮናክሪ የተሰበሰቡት የእስላማዊ ትብብር ድርጅት አባል አገሮች የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ረመዳን 15 በየዓመቱ የየቲሞች ቀን ሆኖ እንዲታሰብ ወስነዋል። ብዙ ማኅበራት የዓመቱን የቃል ኪዳን ጥሪ በዚህ ዕለት ያደርጋሉ።

የአካባቢው ኮሚቴ ሥራ

ዓለም አቀፍ ድርጅት ሩቅ ላለ ካፊል ስለ አንድ ልጅ ሲጽፍ በእጁ ፋይል ሊኖረው ይገባል። ይህ ፋይል በአብዛኛው የአባትን ሞት፣ የልጁን ልደት፣ የአሳዳጊውን ማንነት፣ የትምህርት ውጤትና የጤና ሁኔታ የሚያሳዩ ሰነዶችን የያዘ ነው። እዚህ ላይ የአገራችን እውነታ ይገጥመናል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት ያረፉ አባቶች፣ ከዚያ ወዲህም በገጠር ሳይመዘገቡ የተቀበሩ ብዙዎች የሞት ምስክር ወረቀት የላቸውም። ችግረኛዋ እናት እውነተኛ የቲሞችን እያሳደገች በወረቀት እጦት ብቻ ከዝርዝር ልትወጣ ትችላለች።

ይህን የሚፈታው የሠፈሩ በጎ ፈቃደኛ ነው። ከእናቲቱ ጋር ቀበሌ ይሄዳል፤ ምስክሮችን ያሰባስባል፤ የመስጊዱን ኢማምና የእድሩን ዳኛ ያነጋግራል። የሞግዚትነት ወይም የወራሽነት ውሳኔ ሲያስፈልግም ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ይረዳል። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ተከራካሪዎቹ ፈቃዳቸውን ከሰጡ የሞግዚትነትና የውርስ ጉዳዮችን የመዳኘት ሥልጣን አላቸው። አባት ትቶት የሄደው ጥቂት ንብረት እንኳ ቢኖር ለልጆቹ ተለይቶ የሚጠበቀው በዚህ መንገድ ነው።

የኮሚቴው ሁለተኛ ሥራ ማጣራት ነው። ጎረቤት የተቸገረውን ከተቸገረ ከሚመስለው ለይቶ ያውቃል። በየመስጊዱ በር እጇን ዘርግታ የማትታየውን፣ ችግሯን በነጠላዋ ሸፍና የምትኖረውን እናት የሚያገኛት እርሱ ነው። በተቃራኒው አንድ ልጅ በሁለት ማኅበራት ተመዝግቦ ሌላው ልጅ ከሁለቱም እንዳይቀር ዝርዝሮችን ያመሳክራል።

ሦስተኛው ሥራ ሒሳብ ነው። ሱረቱ አን-ኒሳእ የየቲምን ንብረት የሚይዝ ሰው ንብረቱን ሲያስረክብ ምስክር እንዲያቆም ያዝዛል፤ ያንን ንብረት በግፍ የሚበላውንም በጽኑ ቅጣት ያስጠነቅቃል። ስለዚህ ደረሰኝ መጻፍና ማስፈረም፣ ለምስክር ሁለት ሆኖ ገንዘብ መቁጠር፣ መዝገቡን ለኦዲተር ክፍት ማድረግ የዲናችን ትእዛዝ ነው። ኮሚቴው ሒሳብ ሲጠየቅ «አላመናችሁንም ወይ?» ብሎ መቆጣት አይገባውም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011ም የአንድ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። በጎ ፈቃደኞች በነፃ በሠሩ ቁጥር ይህ ወጪ ይቀንሳል፤ ለልጆቹ የሚቀረውም ይበዛል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

ሰደቃ ሰፊ ነው፤ ለማንኛውም የቲም ጉዳይ ሊውል ይችላል። ዘካ ግን የራሱ ወሰን አለው። በሱረቱ አት-ተውባ የተዘረዘሩት የዘካ ተቀባዮች 8 ሲሆኑ የቲም በስሙ አልተጠቀሰም። የቲሙ ዘካ የሚሰጠው ደሃ ወይም ሚስኪን በመሆኑ ነው፤ አባቱ በቂ ሀብት ትቶለት ከሆነ ዘካ አይገባውም። ስለዚህ ሰብሳቢው ዘካውንና ሰደቃውን በተለያየ መዝገብ እንዲይዝ፣ ሰጪውም ሲሰጥ «ይህ ዘካ ነው» ብሎ እንዲያሳውቅ እናሳስባለን። የዘካው መጠን የኒሳብን ልክ ሞልቶ የጨረቃ ዓመት ካለፈበት ገንዘብ ከመቶ ሁለት ተኩል መሆኑ ይታወቃል። ዘካ በተሰበሰበበት አካባቢ ላሉ ችግረኞች ቅድሚያ እንደሚሰጥ፣ የከፋ ችግር ወዳለበት ሌላ አገር መላክም እንደሚቻል ብዙ ዑለማዎች ገልጸዋል። ቀለቡ በግዴታ የማይመለከታቸውን የዘመድ የቲሞች የሚረዳ ሰው ደግሞ የሰደቃንም የዝምድናንም አጅር ያገኛል።

የገቢ ማሰባሰቢያ መንገዶችን በተመለከተ ወጣቶቻችን አንዳንድ ጊዜ የቶምቦላ ሎተሪ እንድናዘጋጅ ይጠይቁናል። ሎተሪ ከቁማር የሚቆጠር በመሆኑ ለየቲም ጥቅም ተብሎም አይፈቀድም። በምትኩ ባዛር፣ የምግብ ሽያጭ፣ የኢፍጣር ግብዣ፣ የጁሙዓ መዋጮ፣ የሱቅ ሣጥን፣ የመጻሕፍት ጨረታ አሉ። ገንዘቡም ከወለድ ነፃ በሆነ ሒሳብ ቢቀመጥ ይመረጣል። ከ2021 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ዘምዘምና ሒጅራ ባንኮች ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመስጠት ላይ ስለሚገኙ ይህ አስቸጋሪ አይደለም።

በውጭ አገር ለምትኖሩ ወገኖቻችንም አንድ ጠቃሚ ማሳሰቢያ አለን። በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስና በኩዌት ፈቃድ የሌለው ግለሰብ መዋጮ መሰብሰብ በሕግ ተከልክሏል። በመልካም ኒያ በስልክ ቡድን አቋቁሞ ገንዘብ መሰብሰብ እንኳ ሰውን ለቅጣት ሊዳርግ ይችላል። በእነዚህ አገሮች የምትገኙ እህቶችና ወንድሞች ፈቃድ ባላቸው ድርጅቶች በኩል ስጡ። በእንግሊዝ አገር ግብር የምትከፍሉ ደግሞ ለተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ስትለግሱ የጊፍት ኤይድ ቅጽ መሙላት አትርሱ፤ የ10 ፓውንድ ስጦታ ያለ ተጨማሪ ወጪ 12 ፓውንድ ተኩል ይሆናል። የትም አገር ቢሆን ከመስጠታችሁ በፊት ድርጅቱ በሕግ መመዝገቡን አጣሩ።

የወር ቃል

ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። ለምሳሌ 10 ጎረቤታሞች በወር 300 ብር እያዋጡ ሁለት የቲሞች ያሏትን አንዲት እናት ለመደገፍ ተስማሙ እንበል። በወር 3,000 ብር ይሆናል። እናቲቱ በዚህ ተማምና የቤት ኪራይ ተዋዋለች፤ ልጇን ከቀን ሥራ አውጥታ ወደ ትምህርት ቤት መለሰች። በአራተኛው ወር ከአሥሩ ሁለቱ ዝም ብለው ቀሩ። የጎደለው 600 ብር ነው። ለሁለቱ ሰዎች የ300 ብር ጉዳይ ነው፤ ለእናቲቱ ግን የቤቱ ኪራይ ያልሞላበት ወር ነው። ቃል ባይገባላት ኖሮ በአቅሟ ልክ አነስተኛ ቤት ትፈልግ ነበር። የተቋረጠ ድጋፍ አንዳንድ ጊዜ ካልተጀመረ ድጋፍ የበለጠ የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመልካም ሥራ ዘውታሪነትን ከብዛት አስበልጠው አስተምረዋል። ስለሆነም በረመዳን ልባችን ሲለሰልስ ከአቅማችን በላይ ቃል ገብተን በሸዋል ከመርሳት ይልቅ ዓመቱን ሙሉ የምንችለውን ትንሽ መጠን ብንመርጥ ይሻላል። ማቋረጥ ግድ ሲሆን ደግሞ ቀደም ብሎ ለኮሚቴው ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ተተኪ ለመፈለግ ጊዜ ይገኛልና። በየከተማው ለሚገኙ ኮሚቴዎችም የምንመክረው የሦስት ወር መጠባበቂያ በእጃቸው ሳይኖር ለአዲስ ቤተሰብ ቃል እንዳይገቡ ነው። የተመዝጋቢውን ቁጥር ማብዛት መልካም ነው፤ የተመዘገበውን አለመጣል ግን ይቀድማል።

የበጎ ፈቃደኛ አደብ

ገንዘብ የሌለው ሰው ከዚህ አጅር የተገለለ አይደለም። የሒሳብ ባለሙያ መዝገብ ይመርምር፤ መምህር በሳምንት ሁለት ቀን ያስጠና፤ ሐኪም የልጆቹን ዓይንና ጥርስ ይመልከት፤ ልብስ ሰፊ ለዒድ ይስፋ፤ ተማሪ ደብዳቤ ይተርጉም። ሥራው ግን አደብ አለው።

በመጀመሪያ የልጁ ክብር ይጠበቅ። ሕፃኑን መድረክ ላይ አውጥቶ ብርድ ልብስና ዱቄት እያስጨበጡ ፎቶግራፍ ማንሣት በጓደኞቹ ፊት «ምስኪኑ» ተብሎ እንዲጠራ ያደርገዋል። ቁርኣን ሰደቃን በመመጻደቅና በማስከፋት ማበላሸትን ከልክሏል። ፎቶግራፍ ለፋይሉ የሚያስፈልግ ከሆነ በእናቲቱ ፈቃድ ይነሣ፤ ከፋይሉም አይውጣ። ድጋፉን በተቻለ መጠን ለእናት ወይም ለአሳዳጊ በእጅ ወይም በባንክ መስጠት ይመረጣል፤ ልጁ የሚበላው እንጀራ ከእናቱ እጅ የመጣ ሆኖ ይሰማዋል።

ሁለተኛ፣ የቤት ጉብኝት ብቻ ለብቻ አይደረግ። ሁለት ሆኖ መሄድ፣ ባል የሞተባትን እናት ለመጎብኘትም እህቶች መላክ ለቤተሰቡም ለጎብኚውም ክብር ነው። ሦስተኛ፣ የሰማነውን የቤት ገመና በሠፈር አናውራ። አራተኛ፣ የማናደርገውን ተስፋ ለልጅ አንስጥ፤ ልጅ የተነገረውን አይረሳም።

ውድ አንባብያን፣ በአካባቢያችሁ ኮሚቴ ካለ ስማችሁን አስመዝግቡ፤ ከሌለ ከመስጊዳችሁ ኢማምና ከእድራችሁ ሽማግሌዎች ጋር ተነጋግራችሁ አቋቁሙ። ቀድሞ ቃል የገባችሁ ደግሞ የዚህን ወር መክፈላችሁን አረጋግጡ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የየቲም ተንከባካቢ በጀነት ለእርሳቸው የሚኖረውን ቅርበት ሁለት ጣቶቻቸውን በማመልከት ገልጸዋል። ይህን ቅርበት የሚሻ ሁሉ ቃሉን ይጠብቅ።

አላህ (ሱ.ወ) የሰጣችሁትን ይቀበላችሁ፤ በቀረው ሀብታችሁ ላይ በረካውን ያኑርላችሁ፤ ልጆቻችንንም በየቲምነት ጊዜ የሚያነሣቸው እጅ አያሳጣቸው። አሚን።